በማን ቁና

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ልጃቸው የምታጠናውን ነገር ለጎረቤት ሲያስረዱ ያልሰማ ሰው ብዙ ቀርቶበታል። ጥምጥማቸውን ወደ ኋላ ገፋ፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ ያደርጉና፣ «ውባለምማ የምታጠናው በሰሜን ዋልታ ምድር ስትናወጥ መጠኑ በምን እንደሚለካ ነው» ይላሉ።

«ሰሜን ዋልታ ደግሞ የት ነው መሪጌታ?»

«ከበረዶ በቀር ምንም የሌለበት። ድብ ብቻ የሚኖርበት።»

«ታዲያ የምትለካው ለድቡ ነው?»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ያልቃል። መሪጌታም አብረው ይስቃሉ። ሲበቃቸው ግን ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ሳቁ፣ ሳቁ! እሷን የምትፈልጉበት ቀን ይመጣል» ይላሉ። ቀኑም መጣ። ምነው ባልመጣ!

ነገሩን ለአባቷ ያስረዳቻቸው ራሷ ውባለም ናት። ለሦስተኛ ዲግሪዋ ዩኒቨርሲቲ በገባች በዓመቱ ለዕረፍት መጥታ፣ ከአርብ ገበያ አብረው ቁልቁል ወደ መንደራቸው ወደ ቀርጨማ ሊወርዱ ሲሉ በእህል ተራው በኩል አለፉ። ጋይንት ውስጥ ገበያ የዋለ ሰው ያውቀዋል፤ ቁና ሁሉ እኩል አይደለም። እህል የሚሰፈርበት ስፌት እንደ ሠሪዋ እጅ ይተልቃል ያንሳል። የሲማዳው ሆዱ ሰፊ ነው፣ የእስቴው አፉ ጠበብ ይላል። ሻጭ ትንሿን ይዞ ይመጣል፣ ገዢ ትልቋን። ስለዚህ አርብ ገበያ ላይ «ይህን ያህል ቁና ገብስ» ብትሉት ማንም እሺ አይላችሁም። መጀመሪያ «በማን ቁና?» ይላል። ይህን ሳይጠይቅ የተስማማ ሰው ኋላ ቢጮህ ሰሚ የለውም።

«የኔም ጥናት ይኸው ነው፣ አባ» አለቻቸው ውባለም። «በዋልታው አንድ መሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል። አንዱ ጣቢያ አራት ነው ይላል፣ ሌላው አምስት ነው ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ቁናቸው ነው የተለያየው። አንዱ የሚለካው ፈጥኖ የሚደርሰውን ሞገድ ነው፣ ሌላው ዘግይቶ የሚመጣውን። ቀመሩ ደግሞ በሌላ አገር አፈርና ድንጋይ የተሠራ ነው፤ በረዶ አገር ሲወስዱት ይስታል። እኔ እነዚያን ቁናዎች ነው የማስተያየው። ሬዲዮኑ ግን ሁሉንም ‹በሬክተር ስኬል› ብሎ አንድ ላይ ይወቅጠዋል።»

መሪጌታ መንገዱ መሀል ቆመው ሳቁ። ቅኔ የተፈታላቸው ያህል ነው ደስ ያላቸው! ከዚያ ቀን ወዲህ ልጃቸው ቁጥር ከአፏ ባወጣች ቁጥር ያው ጥያቄ ነው። «በሁለት ሳምንት እመጣለሁ አባ» ትላለች በስልክ። «በማን ቁና?» ይላሉ። «አንድ እንጀራ ብቻ ነው የበላሁት» ትላለች። «በማን ቁና?» ቤቱ ውስጥ ቀልድ ሆኖ ቀረ።

ውባለም ግን የምሯን ነው የያዘችው። በጥናቷ መግቢያ ላይ «የተለካበት ሚዛን ያልተገለጸ ቁጥር ለውሳኔ መዋል የለበትም» ብላ ጽፋለች። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው እሷው ናት። ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ሰርጉ እንምጣ። ውባለም መሰረት የምትባል ታናሽ እህት አለቻት። እናታቸው የሞተችው መሰረት ገና ጡት ሳትጥል ነው። ጡት አጥብታ ያሳደገቻት የግድግዳ ጎረቤታቸው አበራሽ ናት። አበራሽ ያኔ የራሷ ሕፃን ሞቶባት ጡቷ ተወጥሮ ታለቅስ ነበር፤ አምላክ ሁለቱን ሐዘን አገናኝቶ አንድ ልጅ አሳደገበት። ውባለምንም ያበጠረቻት፣ ያጠበቻት፣ ሲገባት የገረፈቻት እሷው ናት። ልጆቹ «እትዬ» ይሏታል እንጂ እናት ማለት እሷ ናት።

መሰረት ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ የአባቷን ቤት ያዘች። ለምን? ውባለም እንድትማር። ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረውም፤ ውባለም ግን መጽሐፍ በገለጠች ቁጥር ይታያታል። ሲማዳ ያለው ደምሌ ሽማግሌ ልኮ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ፣ የውባለም ፈተና ደርሶ ሰርጉ ዓመት ሙሉ ተላለፈ። «ያለ እህቴማ አላገባም» አለች መሰረት። ደምሌ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ዘንድሮ ጥር ላይ ቀኑ እንደገና ተቆረጠ፤ እሑድ። ዳሱ ተጣለ፣ ጠላው ተጠመቀ፣ ጾሙም ሊገባ ተቃርቧል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠች።

መጀመሪያ ውሾቹ ነበሩ፣ ከዚያ የቆርቆሮው መንኳኳት፣ ከዚያ ከእግር በታች የሆነ ነገር። ውድማ ላይ ያለው ሰው መንሹን ጥሎ ተቀመጠ። ሴቶቹ «ኧረ የሚካኤል ያለህ!» እያሉ ወደ ደጅ ወጡ። ቆይታው ጸሎተ ማርያም እንኳን አያደርስም፤ ግን አለፈ ሲባል የሰው ሁሉ ፊት አመድ መስሏል። የሞተ የለም። የአበራሽ የድንጋይ ቤት ጓሮ በኩል ሆዱ ተነፋ። የቀርጨማ ሚካኤል ግንብ በምዕራብ በኩል ከጣሪያው እስከ መሠረቱ ተሰነጠቀ፤ እጅ ባያስገባም ብርሃን ያስገባል።

ወዲያው ደጀ ሰላሙ ሞላ። ቄስ ጥበቡ ቀጭን፣ ትንሽ የሚናገሩ ካህን ናቸው። «ምሕላ ይታወጅ» አሉ። «ሕዝቡ ከነልጁ ቅጽሩ ውስጥ ሜዳው ላይ ይዋል፣ ይደር። እስኪያልፍ እግዚኦ እንበል።»

ምሕላ ከታወጀ ከበሮ የለም፣ እልልታ የለም፣ ሰርግ የለም። ዳሱ ይፈርሳል። ቀጥሎ ጾም ነው፤ ከፋሲካ በፊት ሙሽራ አይታሰብም። ውባለም ዘወር ብላ መሰረትን አየቻት። መሰረት ሂና የሞቀ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ፣ ቄስ ጥበቡ። ምሕላ መቼም ክፉ አይደለም። ግን ይህን ነገር የምታውቅ ልጅ ከፊታችን ቆማለች። ትልቅ ከሆነ ትንገረን፣ ትንሽም ከሆነ ትንገረን፤ በሷ ቃል እንሁን» አሉ። በዚያች ሰዓት መሪጌታን ያየ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለዚህች ጥያቄ ሲዘጋጁ የኖሩ ይመስለዋል።

ቀርጨማ ላይ ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችው ጉብታ ላይ ነው። ውባለም ወጣች። አበራሽም ጉልበቷን ይዛ ተከተለቻት፤ ልጅቷ ብቻዋን እንዳትፈራ ነው መቼስ። ስልኩ ከፈት አለና ሁለት ቁጥር አመጣ። አንዱ የሩቅ ጣቢያ ነው፣ አራት ነጥብ ሁለት ይላል። ሌላው ቀረብ ካለ አገር የተለካ ነው፣ አራት ነጥብ ዘጠኝ ይላል።

«ምነው ሁለት ሆነ?» አለች አበራሽ በትከሻዋ በኩል አንገቷን አስግጋ። ፊደል ቆጥራለች፤ ቁጥር ታውቃለች።

«ያው ነው እትዬ። የቁና ነገር ነው።»

ያው አልነበረም! ውባለም የትኛው እንደሚታመን አሳምራ ታውቃለች። የሩቁ ቁጥር እንዲህ ላለው መንቀጥቀጥ አሳንሶ እንደሚናገር ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗ እስኪፈዝ በዋልታው መረጃ ላይ አይታዋለች። ደግሞስ ትንሹም ይሁን ትልቁ፣ ከአንዱ መናወጥ በኋላ ሌላ ሊከተል እንደሚችል፣ የተሰነጠቀ ግንብ ሥርም እንደማይታደር የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው ነው። ታውቃለች። ከጉብታው ስትወርድ ግን ዓይኗ ላይ የነበረው ያ የተሸሸገ ባለ ሂና እጅ ነው። አንዴ በኔ ምክንያት ተላልፏል፣ አለች በልቧ። ዛሬም በኔ አፍ አይቀርም።

«አራት ነጥብ ሁለት ነው» አለች ደጀ ሰላሙ ፊት ቆማ። «ትንሽ ነው። በሰሜን ዋልታ እንዲህ ያለው ሞልቷል፤ ማንም ዞር ብሎ አያየው።»

የሁሉም ትከሻ ወረደ። አንዱ «ድቡም አይነቃ!» አለና ሳቁ ፈነዳ። ውባለምም ሳቀች። ቄስ ጥበቡ ብቻ ስንጥቁን እያዩ፣ «እንግዲህ ከሰርጉ በኋላ እንየው» አሉ። መሪጌታ ያን ቀን ከወትሮው ረዘም ብለው ተራመዱ። ቁጥር በሰሙ ቁጥር የሚጠይቁትን ያን ጥያቄያቸውን ግን አልጠየቁም። ለልጃቸው ቃል መስፈሪያ አላስፈለጋቸውም።

እሑድ ሆነ። ደምሌ ሚዜዎቹን አስከትሎ ከሲማዳ ደረሰ። ዳሱ ጢም አለ። የአርብ ገበያው ነጋዴ ጁሃር ለስላሳውንና አግዳሚ ወንበሩን በአይሱዙው ጭኖ አምጥቶ፣ «ሙሽራዋን ሳላይ አልሄድም» ብሎ ከደጅ ተቀምጧል። ከበሮው ደመቀ፣ አቧራው ጨሰ። መሰረት ደስ ብሏት አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። ውባለም ይህን ስታይ፣ እሰይ፣ ደግ አደረግሁ አለች። በእውነት አለች።

አበራሽ ለልጇ አንድ የደበቀችው ነገር ነበራት። ክረምቱን ሙሉ ፈትላ ያሠራችው ጋቢ ነው፤ ሙሽሮቹ ሲመረቁ ከላይ ልትጥልባቸው። ያን ልታመጣ ወደ ቤቷ ገባች። ቆጥ ላይ ወጥታ ነበር መሬት ሁለተኛ የተንቀጠቀጠችው። ከፊተኛው ያነሰ ነው፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ጠላው ሲፈስ አየ እንጂ ከመቀመጫው አልተነሣም። «አይዟችሁ፣ ትንሽ ነው!» አለ አንዱ። ከዚያ ያ ሆዱ የተነፋ ግንብ ሲወርድ ተሰማ።

ከድንጋዩ ሥር ሲያወጧት ጋቢውን አልለቀቀችም። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች እግር አይባልም ነበር። ውባለም ጮኸች፣ ጩኸቷ ግን ከሌሎቹ ጩኸት ጋር ተቀላቀለ። ማን ይለየዋል? ጁሃር ለስላሳውን ከነሣጥኑ ሜዳ ላይ ገልብጦ አይሱዙውን አስነሣ። «ኧረ በአላህ፣ ፍጠኑ!» እያለ ይጮሃል። አበራሽን በአግዳሚ ወንበር ላይ አጋድመው ወደ ደብረ ታቦር ወሰዷት። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉ፤ እግሯን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

መሰረት በለቅሶ ወደ ሲማዳ ሄደች። ዳሱ ፈረሰ።

እንግዲህ የውባለም መከራ ከዚህ ይጀምራል። ቢሰድቧት በወደደች! የሰደባት የለም። «አንቺማ እውነቱን ነገርሽን፣ የቀረው የአምላክ ሥራ ነው» ይሏታል፤ እያባበሉ ያበሏታል። አንዳንዱ ደግሞ «ሰሜን ዋልታ ብትሆን ኖሮ የአበራሽ እግር ይተርፍ ነበር፣ አይደል?» ይላታል። እዚያ የድንጋይ ቤት የት አለና! ቆጥ ላይ ጋቢ የሚደበቅበት አገር አይደለም።

መሪጌታ ደግሞ ባሱ። አንዱ ጎረምሳ ማዕድ ላይ «ምሕላውን ባናስቀር ኖሮ...» ብሎ ሲጀምር ቁጣቸው ነደደ። «ልጄ አራት ናት ብላለች፣ አራት ናት! የአበራሽ ቤት አርጅቶ ነው የወደቀው። ሁላችሁም ቤታችሁ ግቡ። ለሚካኤልም እንደ ወትሯችን ገብተን እናስቀድሳለን» አሉ። የወሩ ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። ያን ቀን ያቺ ስንጥቅ ግንብ ሥር ሕፃን ያዘለችው፣ ሽማግሌው፣ ነፍሰ ጡሯ ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ውባለም ይህን ስትሰማ የያዘችውን ጣሳ አስቀምጣ ወጣች።

ለአባቷ ልትነግራቸው ተነሥታ ከማድ ቤት ደጃፍ ስንት ጊዜ ተመለሰች። ብትናገር የሚወርደው የሷ ስም ብቻ አይደለም። በሷ ቃል ምሕላ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው፤ የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ባትናገር ደግሞ ሚካኤል ደርሷል። አምላኬ፣ ምን አድርጌ ነው እንዲህ ያለ ወጥመድ ውስጥ የገባሁት፣ ትላለች። ምን እንዳደረገች ግን ታውቃለች።

ደብረ ታቦር ሄደች። አበራሽ አልጋው ላይ አንሳ ታየቻት፤ ብርድ ልብሱ በአንድ በኩል ጎድጉዷል። ውባለም እዚያ ጎድጓዳ ላይ ዓይኗ እንዳያርፍ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አለች አበራሽ። «መሰረት ደህና ናት?»

«ደህና ናት እትዬ። ደምሌ እንደ ዓይኑ ብሌን ይዟታል።»

«እሰይ። ጋቢውን አደረሳችሁላት?»

«አደረስን።»

ከዚያ አበራሽ፣ «ያኛው ቁጥር ስንት ነበር?» አለች።

ውባለም ገብቷት ሳለ እንዳልገባት ሆነች። «የቱ?»

«ጉብታው ላይ ሁለት አልነበረም እንዴ? አንዱን ነገርሻቸው። ያኛውን ነው የምልሽ።»

«አምስት... አምስት ሊሞላ ነበር፣ እትዬ።» ከአልጋው አጠገብ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «አውቄ ነው። ትልቁ እውነት እንደሆነ አውቄ ነው ትንሹን የነገርኋቸው። ከቤት ውጭ ይደሩ ማለት ነበረብኝ። እግርሽን እኔ ነኝ የቆረጥሁት! ግደይኝ!»

አበራሽ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ እንባዋ ወደ ጆሮዋ ወረደ። ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም።

«ለመሰረት ብለሽ ነው» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«አየሽ፣ እኔም ሁለቱን አይቻለሁ። ትንሹን ስትነግሪያቸው ሰምቻለሁ። ዝም አልሁ። ያቺ ልጅ ሁለተኛ እንድትቀር አልፈለግሁም።» ትንፋሿን ሳበች። «አንጀቴ አሯል፣ አልዋሽሽም። እግሬን እፈልገዋለሁ። ሌሊት ያሳክከኛል፣ ልከከው ስል የለም። እንዲያውም ዛሬ ባላይሽ ደስ ይለኝ ነበር። ግን መጥተሻል። ለአባትሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኋቸውም።»

«እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ለሚካኤል የቀረውን ቀን እቆጥራለሁ፣ አንቺ ቆመሽ አትቆጥሪም? ሂጂ! ስትነግሪያቸው ደግሞ የኔን ዝምታም ንገሪ፤ እኔን አታስቀሪ።»

ውባለም የአበራሽን ዝምታ ለማንም አልተናገረችም። ይህን አንድ ነገር ለራሷ አስቀረች።

የሚካኤል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ስለ ነገው ቅዳሴ ይነጋገራሉ። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «ነገ እንደ ልማዳችን» ይላሉ። ውባለም ከመኪና ወርዳ፣ አቧራዋን ሳታራግፍ መሀል ገባች። ሴት ልጅ እንዲህ ዘው ብላ አትገባም፤ ሁሉም ቀና አለ።

«አባ፣ ይስሙኝ። ሐሙስ ዕለት የሆነው አምስት ሊሞላ ነበር።»

ቄስ ጥበቡ በቀስታ፣ «አራት አላልሽንም?» አሉ።

መሪጌታ ልጃቸውን አዩዋት። መጀመሪያ ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ከዚያ ፊቷን አዩ፣ ፈገግታው በጅምር ቀረ። ልማድ ሆኖባቸው ይሁን ፈርተው ይሁን እንጃ፣ ያ ቤት ውስጥ የሚቀልዱበት ጥያቄ ከአፋቸው ወጣ።

«በማን ቁና?»

«ሐሙስ የነገርኋችሁ በሻጭ ቁና ነው» አለች ውባለም።

ማብራሪያ የጠየቀ የለም። እዚያ ከተቀመጠው ሁሉ አርብ ገበያ ያልዋለ አልነበረም። አንዲት ሴት «ወይኔ አበራሽ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ውባለም ድምፅዋ እየተቆራረጠ ቀጠለች፤ ሁለት ቁጥር እንዳየች፣ ትልቁ እንደሚታመን እንደምታውቅ፣ ለእህቷ ሰርግ ስትል ትንሹን እንደመረጠች፣ ከዚህ በኋላም ሌላ ሊመጣ እንደሚችል፣ ስንጥቁ ግንብ ሥር ማንም መቆም እንደሌለበት። «ሰርጉን አየሁት፣ እናንተን አላየኋችሁም። ቄስ ጥበቡ ሕዝቡን ውጭ ሊያሳድሩት ነበር፣ እኔ ነኝ ወደ ግንብ ውስጥ የመለስኋችሁ። ይቅር በሉኝ አልልም። ነገ ግን አትግቡ። በሞቴ፣ አትግቡ።»

ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ሳይሆን መሪጌታን ነው። እሳቸው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። ያ ሁሉ ዓመት የተሸከሙት ኩራት ከትከሻቸው ላይ ሲወርድ በዓይን ይታይ ነበር፤ ሽማግሌ መሆናቸው ያን ዕለት ታወቀ።

«ቄስ ጥበቡ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ምሕላውን አውጁ። ሕዝቡ ከግንቡ ርቆ፣ ከወይራው ወዲያ ይቁም። ሕፃንም፣ አሮጊትም፣ ማንም ወይራውን አልፎ ወደ ግንቡ አይጠጋ።»

«እሺ መሪጌታ» አሉ ቄስ ጥበቡ። «ብያችሁ አልነበር?» የሚል ነገር ፊታቸው ላይ አልነበረም። ይህም ለውባለም ከስድብ በላይ ሆነባት።

ሰዉ ሲበተን አባቷ ወደ ቤት አልሄዱም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በር አመሩ። ውባለም ሮጣ ደረሰችባቸው።

«አባ፣ የት ነው?»

«ለነገው ማሰናዳት አለብኝ።»

«ሕዝቡ አይግባ አላሉም እንዴ?»

«ሕዝቡ አልሁ እንጂ ካህኑ አልሁ? ታቦቱ ውስጥ ነው።»

«እርስዎ ግን ከውጭ ቢሆኑስ? ዜማውን ከወይራው ሥር ቢመሩት ማን ምን ይልዎታል? አባ፣ ይወድቃል እኮ! እውነቴን ነው የምልዎት፣ በሰፊው ቁና ነው የምልዎት!»

መሪጌታ ያን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። ቁጣ የለም፤ ድካም ብቻ ነው።

«አሁን አምኜሻለሁ» አሉ። «ግን ቄስ ጥበቡን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ የተቀበልሁ እኔ ነኝ። ያን ቀን በማን ቁና ብልሽ ኖሮ አትዋሺኝም ነበር፤ አውቅሻለሁ። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ፣ ኮራሁና ዋጥሁት። ታዲያ ቄሶቹ ግንብ ሥር ሆነው ሲቀድሱ እኔ ደጅ ልቁም?»

«ጥፋቱ የኔ ነው አባ። የኔ ብቻ ነው!»

«እንዲያ ቢሆን ጥሩ ነበር» አሉና ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት የቀርጨማ ሕዝብ ከነልጁ ከወይራው ወዲያ ቆሞ አስቀደሰ። ውርጩ ገና ከሣሩ አልለቀቀም ነበር። ሰው ለውባለም ቦታ ለቀቀላት፤ አንዳንዱ አክብሯት፣ አንዳንዱ ሸሽቷት ነው። እሷ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልለየችም። ስልኳ እጇ ላይ ነው፤ አልከፈተችውም። ዓይኗን ከስንጥቁ ላይ አልነቀለችም። ውስጥ የጧፉ ብርሃን በስንጥቁ በኩል እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል፤ የአባቷም ድምፅ በዚያው በኩል ከወትሮው ጎልቶ ይወጣል። መሪጌታ ለትንፋሽ ባቆሙ ቁጥር የውባለምም ትንፋሽ ይቆማል። እሳቸው ሲቀጥሉ እሷም ትተነፍሳለች።